እድሳት ወይስ ልዋጭ?

ቋንቋ አንዳንዴ ሳያስበው ገመናችንን ያወጣል። ያረጀን ነገር ወደ ደህና ይዞታው ለመመለስ ስንፈልግ "ማደስ" እንላለን። ቃሉ ከግእዙ "ሐደሰ" የመጣ ነው፤ "አዲስ" ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ማደስ ማለት፣ ቃሉን በቁሙ ከወሰድነው፣ አዲስ ማድረግ ነው። መታወቂያ ይታደሳል፤ አሮጌውን አስረክበን አዲስ እንቀበላለን። መንጃ ፈቃድ ይታደሳል። የቤት ኪራይ ውል ይታደሳል (ያው ከነጭማሪው ነው!)። ለእነዚህ ቃሉ ልክ ነው። የድሮ መታወቂያዬን ወሰዱብኝ ብሎ ያለቀሰ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌላ ቃልም አለን፤ "መጠገን"። ይኼኛው ትሕትና ያለው ቃል ነው። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠገናል። "ቀዶ ጥገና" የሚለውን ስያሜ እስቲ እዩት! በሁለት ቃል ሙሉ ፍልስፍና ይዟል። ይቀደዳል፣ ይጠገናል፣ ሰውየው ግን ያው ሰውዬ ነው፤ ጠባሳውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሐኪም ቤት የወጣን ሰው "ዳነ" እንላለን እንጂ "ታደሰ" አንልም፤ ስሙ ታደሰ ካልሆነ በስተቀር።

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጠው። በአገራችን እድሳት ሞልቶ ተርፏል፤ የጠፋው ጥገና ነው። አሮጌ ነገር እጃችን ሲገባ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ሆኗል፤ ወይ መጣል፣ ወይ ማንነቱ እስኪጠፋ አዲስ ማድረግ። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ሁለቱም ከአሮጌው ነገር መገላገያ ናቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የፑል ዱላ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ የፑል ዱላ።

ድሮ ያስተማርኩት አንድ ልጅ (ልጅ አልኩት እንጂ እሱም ዛሬ የልጆች አባት ነው) በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ ቤቴ መጣ። አባቱ መርከበኛ ነበሩ። በ1970ዎቹ ከአሰብ እየተነሱ ባሕር ሲያቋርጡ ኖረው፣ አንድ ጊዜ ሐምቡርግ ወደብ ላይ ለሁለት የሚፈታ፣ መጋጠሚያው ናስ የሆነ የፑል ዱላ ገዝተው መጡ። ፈቃድ በወጡ ቁጥር ሰፈራቸው ካለው ፑል ቤት የሚጫወቱት በእሱ ነበር። የሰው ዱላ አይነኩም፤ የራሳቸውንም ለሰው አያውሱም። ሰውየው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዱላው ከቁም ሳጥን ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆይቶ ትንሽ ተጣሟል። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ወልቃለች። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ክር ተበልቷል። አንድ ቦታ ላይ ግን እንጨቱ ከሌላው ጠቆር ብሏል፤ የሰውየው ግራ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ግራኝ ስለነበሩ ዱላውን ከኋላ የሚይዙት በግራ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ስለ አሮጌ ነገር ሲጽፉ አነባለሁና፣ ይኼን ምን ላድርገው?" አለኝ።

እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ምክር ተቀብሏል። እናቱ፣ "ይኼን የቁማር ዱላ ከቤቴ አውጣልኝ፤ አባትህን ሲያስመሽብኝ የኖረ እሱ ነው" ብለውታል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቱ በስልክ፣ "ውይ ጣለው ባክህ፣ አዲስ ገዝቼ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ" ብላዋለች። አንድ አናጺ ደግሞ፣ "በሁለት ቀን እልጨርስልህ! በብርጭቆ ወረቀት ልጬ፣ ቫርኒሽ ለቅልቄ፣ ራስህ እንኳ እንዳታውቀው አድርጌ ነው የምሰጥህ" አለው።

እግዜር ያሳያችሁ! ሰውየው የአባቱን ዱላ እንደገና ሊያውቀው ፈልጎ ቢሄድ፣ አናጺው እንዳያውቀው አድርጎ ሊመልስለት ቃል ገባለት። ለዚያውም በኩራት። ይኼን ነው እንግዲህ እድሳት የምንለው።

ሦስቱ ምክሮች የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ቢሆኑ ኖሮ አልጽፋቸውም ነበር። ግን የእኛ የሁላችን ምክሮች ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ከእናትየው እንጀምር። ባላቸውን ያስመሸባቸውን ዱላ ቢጠሉት አይፈረድባቸውም፤ ሐዘናቸውም ቂማቸውም የራሳቸው ነው። የኔ ጠብ ከእሳቸው ጋር ሳይሆን ቃሉን ካዋሳቸው ማኅበረሰብ ጋር ነው። "የቁማር ዱላ" የሚለው ቃል የሁላችን ነው። ፑል ቤት ስንል ጫት ቤትና ሺሻ ቤት አያይዘን በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጠራው። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈቱ ፑል ቤቶች ልጆችን ከክፍል እንደሚያስቀሩ አውቃለሁ፤ አስተማሪ ነበርኩና ባዶ ወንበር ምን እንደሚመስል ለእኔ አይነገረኝም። በየጊዜው የሚደረገውንም ዘመቻ ያለ ምክንያት ነው አልልም።

ግን እስቲ ሳሎናችንን እንይ። ግድግዳ ላይ ጋሻ ሰቅለናል። ጦር አቁመናል። የአያታችንን ሻምላ ለእንግዳ እያወረድን እናሳያለን፤ "ይኼ እኮ የስንቱን አንገት የቀላ ነው" እያልን። የሰው ነፍስ ያጠፋ ብረት ቅርስ ይሆናል፤ በዕድሜው ከኳስ በቀር ምንም ያልመታ እንጨት ግን ውርደት ነው! ይኼ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ቅርስ የምንለው የጌቶችን፣ የጦረኞችንና የካህናትን ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ የመርከበኛው፣ የሾፌሩ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ከአባቱ ምን ይውረስ? ተራ ሰውም እኮ ከሥራ መልስ የሚደሰትባት አንዲት ነገር ነበረችው። ከሁሉ በላይ እሱን የምታሳየው እሷ ናት። ለሥራ የሚይዘውን ዕቃ አለቃው መርጦለት ይሆናል፤ ለደስታው የያዘውን ግን ራሱ ነው የመረጠው።

በዚያ ላይ ጨዋታው ሥርዓት አለው። ተራ ይጠበቃል። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይከፍላል። ሌላው ሲመታ ዝም ይባላል። ተራ ጠብቆ፣ ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ፣ ሲሸነፍ ሒሳቡን ከፍሎ የሚወጣ ሰው በየስብሰባ አዳራሻችን ስንት አለ? መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወደ እህትየው እንለፍ። "ጣለው፣ አዲስ እልክልሃለሁ" የሚለው ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከውጭ ያሉ ወገኖቻችን ያገሬን ነገር ናፈቅሁ ሲሉ ይውላሉ፤ እዚህ ያለው አሮጌ ነገር ሲታያቸው ግን መጀመሪያ የሚመጣላቸው መተካት ነው። እዚህ ያለነውም ከእነሱ አንሻልም። እኛ ደግሞ ልዋጭ አለልን።

ልዋጭን የማያውቅ ካለ ላስረዳ። ጠዋት ጠዋት በየመንደሩ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። ያረጀ ኮት፣ የተበሳ ጫማ ታወጡለታላችሁ፤ እሱ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣችኋል። ለሰውየው አክብሮት አለኝ። ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ከእጃችን የወጣው ኮትም ሌላ የሚለብሰው ያገኛል። የምጠላው ልዋጭ የኑሮ ፍልስፍና ሲሆን ነው። ሁሉ ነገር አቻ አለው፣ የአባቴ ኮትም የዋጋው ሳፋ ከተገኘ ይሂድ የሚለውን ማለቴ ነው።

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ፕላስቲክና የፑል ጨዋታ የቆየ ዝምድና አላቸው። የቢሊያርድ ኳስ ድሮ ከዝሆን ጥርስ ነበር የሚሠራው። ዝሆኑ እየተመናመነ፣ ጥርሱ እየተወደደ ሲሄድ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ምትክ ፍለጋ ገባ። በፍለጋው ሴሉሎይድን ለገበያ አበቃ፤ ዓለም ካወቃቸው የመጀመሪያ የፕላስቲክ ዓይነቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየጓዳችን የተቆለለው ሳፋና ባልዲ የሩቅ አያቱ የቢሊያርድ ኳስ ነው ማለት ነው! ሃያት ያደረገው መተካት ትክክል ነበር። ለአንድ ምሽት ጨዋታ ዝሆን መግደል ነውር ነው። መተካት ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የምጠይቀው ምን እንደሚተካና ምን እንደማይተካ የሚለይ ዓይን ነው።

ይኼን ዓይን ነው አናጺው ያጣው። ስለዚህ ከሦስቱ ጋር ዋናው ጠቤ ከእሱ ነው። እናትየው ዱላውን ጠልተውታል፤ እህትየው አላየችውም። አናጺው ግን በእጁ ይዞት፣ አገላብጦ አይቶት፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሊያጠፋው ነው።

የፑል ዱላ አሠራር ለማያውቅ ትንሽ ልንገር። ደህና ዱላ የፊተኛው ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ የእንግሊዞቹ ደግሞ አሽ የሚባለውን ይወዳሉ። የጫፉ ውፍረት 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጫፉ ላይ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱ ላይ ኳሱን የምትመታው ቁራጭ ቆዳ ትለጠፋለች። ይኼችን ቆዳ ለጨዋታው ያመጣት ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ የፈረንሳይ ጦር ሻምበል ነው ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እስር ቤት ተቀምጦ ሲጫወት ያገኛት ዘዴ ናት። ከዚያ ወዲህ ተጫዋች ኳስን እንዳሻው ማሽከርከር ቻለ። ቆዳዋ ግን ታልቃለች። እንድታልቅ ነው የተሠራችው። ብዙ የሚጫወት ሰው ይቀያይራታል፤ የመርከበኛው ዱላም በዕድሜው ብዙ ቆዳ ጨርሶ ይሆናል። አሮጌዋን አንስቶ፣ ሥሯን አስተካክሎ፣ በኮላ አዲስ ለጥፎ፣ ዙሪያዋን እንደ ሳንቲም ጠርዝ አሙልሎ መጨረስ ጥገና ነው። የእጀታውን ክር መቀየርም እንዲሁ።

እንጨቱ ግን ሌላ ነው። ከእንጨቱ ላይ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ነገር ተመልሶ አይመጣም። 13 ሚሊ ሜትር የነበረ ዘንግ እያደር 12 ይሆናል፣ ከ12ም ይወርዳል፤ ሚዛኑ ይጠፋል፣ እጅ ውስጥ ያለው ስሜት ይለወጣል። እውነተኛ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያነሳው የብርጭቆ ወረቀት አይደለም። ዱላውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባሎ የት ጋ እንደተጣመመ በዓይኑ ይፈልጋል። እድፉን በረጠበ ጨርቅ ያነሳል። የተጎዘጎዘ ቦታ ካለ ውኃ ያስነካውና በስሱ ያሞቀዋል፤ የተጨፈለቀው እንጨት ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ይኼ አስማት አይደለም። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ይተፋል፤ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ የቆየው የሚጣመመውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ጠጋኙ ይኼን ጠባይ አውቆ ከእንጨቱ ጋር ይመካከራል። አዳሹ ግን አይመካከርም፤ ይልጫል።

ያን የጠቆረውን ቦታስ? ለአናጺው እድፍ ነው። ለልጁ የአባቱ እጅ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ላብና ጠመኔ ጠጥቶ የተሠራ ፊርማ ነው። ከዚያች የእጅ ቦታ ውጪ ያለው ዱላ ሐምቡርግ ላይ ማንም ሊገዛው ይችል ነበር። ያቺን ልጦ "አሳመርኩልህ" የሚል ሰው፣ የፎቶግራፍን ፊት ፍቆ ክፈፉን ወልውሎ እንደሚመልስ ሰው ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ይኼ ነው፤ ቆዳውና እንጨቱ። በማንኛውም የወረስነው ነገር ውስጥ እንዲያልቅ የተሠራ ክፍል አለ፤ ሲያልቅ ያለ ለቅሶ መቀየር አለበት። ነገሩን ያን ነገር የሚያደርገው ክፍል ደግሞ አለ፤ እሱን የነካን ዕለት የቀረን ስሙ ብቻ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ሁለት ዓይነት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛው ቆዳዋም አትነካም ብሎ ዱላውን ዱላ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሁለተኛው እንጨቱን ጭምር ይልጠዋል። ስለ ባህል በሚደረጉ ክርክሮቻችን የምንሰማቸው ሁለት ጩኸቶች እነዚህ አይደሉም እንዴ? "ምንም አትንኩ" ባይና "ሁሉንም አፍርሱ" ባይ! ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰነፎች ናቸው፤ አገላብጦ ማየት ይደክማቸዋል።

ለዚህ ትምህርት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የብራና መጻሕፍታችንን ያየ ሰው ያውቀዋል። ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደ እንደሆነ አይጣልም ነበር፤ በጅማት ወይም በክር ይሰፋል፣ ጸሐፊውም ቀዳዳ ሲገጥመው ዙሪያውን እየዞረ ይጽፋል። የእንጨት ሽፋኑ ለሁለት የተሰነጠቀ መጽሐፍ እንጨቱ ተበስቶ፣ በክር ወይም በሽቦ ተሰፍቶ እንደገና አገልግሎት ይገባል። ስፌቱን ማንም ለመደበቅ አልሞከረም። የተጠገነ ነገር መጠገኑ ቢታወቅ ምንድን ነው ነውሩ? እነዚያ ሰዎች የሚያፍሩት መጽሐፉ ሳይነበብ ቢቀር ነው። እኛ የምናፍረው መጽሐፉ አሮጌ ቢመስል ነው።

ጥፋቱም ከእንጨት ዱላ አያልፍም ብሎ የሚያስብ ካለ ላሊበላን ያስታውስ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ አለቱን ከዝናብ እንከላከልለት ተብሎ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተቀብተው፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደርጎባቸው ነበር። ቅን ሐሳብ ነው፤ ቫርኒሹም እኮ ቅን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የጣልያናዊው አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ጥገና ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ያንን ልባስ መልሶ ማንሳት ነበር። የቀደመውን እድሳት ለማስለቀቅ ሌላ ባለሙያ መጥራት አስፈለገ ማለት ነው።

መልካም ምሳሌም አለን። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሕንፃ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ያለው እዚያው ነው። ለዓመታት በዘለቀ ሥራ ተጠግኖ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መልኩን እንደያዘ ነው የተገኘው። ያረጀው መስመር ተቀየረ፤ አዳራሹ ግን ያው አዳራሽ ነው። እንጨቱ እንጨት፣ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ተለየ ማለት ነው። ሲፈለግ እንደሚቻል በዚህ አይተናል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ በኮሪደር ልማቱ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ደግሞ የሁለተኛውን መንገድ ያውቀዋል። መንገድ አይስፋ የሚል ክርክር የለኝም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃ የሌለው ቤት ውስጥ ሰው ይኑር አልልም፤ እነዚያ ቆዳው ናቸው፣ ይቀየሩ። ግን እያንዳንዱ ቤት ከመፍረሱ በፊት "ከዚህ ውስጥ እንጨቱ የቱ ነው?" ብሎ አገላብጦ ያየ ሰው ነበር ወይ? ይኼን መጠየቅ ልማት መጥላት አይደለም። አናጺውን "ቆይ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አንከባለው" ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። "ሕዝቡ የዕለት ጉርሱን ማግኘት አቅቶት አንተ ስለ ፑል ዱላ ትጽፋለህ? መጠገን የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው።" ይላሉ።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በዚህች አገር መጠገንን የሚያውቀው ድሃው ነው። የተቀደደ ጫማ የሚያሰፋው፣ የተበሳ ድስት የሚያስበየደው፣ የልጁን ዩኒፎርም ጉልበቱ ላይ የሚያስጥፈው ማነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ሌላው የጣለው በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ብረት ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ያለው የእጅ ብልሃት ያስደንቃል። መጣል የጀመረው ትንሽ ያገኘው ነው፤ ማግኘቱን ለጎረቤት የሚያሳውቀው በሚጥለው ነገር ነውና። ደግሞስ ድሃ ትዝታ አያስፈልገውም ያለው ማነው? ባለጸጋ አባቱን የሚያስታውስበት ቤት፣ መሬት፣ የመንገድ ስም አለው። የመርከበኛው ልጅ ያለችው ይኼችው አንዲት ዱላ ናት። እሷን ቅንጦት ማለት ድሃው ያለ አባት ይኑር ማለት ነው።

እርግጥ አንድ እውነት አለ፤ ጥሩ ጠጋኝ ማግኘት እየከበደ ነው። ለምን? ለባለ እጅ ያለንን ንቀት ስለማንተው ነው። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉ የሙያ ስሞችን ስድብ ያደረገ ማኅበረሰብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀለል ብሎ ይሆናል፤ ክፍያው ግን ያው ነው። ያ አናጺ ለምን ለመላጥ ቸኮለ? ለማንከባለል፣ ለማየት፣ ለመጠበቅ የሚከፍለው ሰው ስለሌለ ነው። እኛ የምንከፍለው ለሚያብለጨልጭ ነገር ነው። አንድ ሳምንት ሠርቶ፣ ዕቃው ከድሮው ብዙም ሳይለወጥ ቢመልስልን "ታዲያ ምን ሠራህበት?" እንለዋለን። ይኼው ነው ቫርኒሽ ቀቢ ያደረገው። አናጺውን እየወቀስኩ ደንበኛውን ነፃ ብለቅ ፍርድ አጓደልኩ ማለት ነው።

ሌላው ዓለም ይኼን በገንዘብ ሳይቀር ተምሮታል። አሮጌ የፑል ዱላ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ በጣም ተፍቆ የተወለወለ ዱላ ሲያዩ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ አይጨምሩም። ከሩሲያ ተሰድዶ ኒው ዮርክ የኖረው ጆርጅ ባላቡሽካ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ያረፈው፣ በዱላ ሠሪነቱ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራ ነው። ብዙዎቹን ዱላዎቹን የሠራው ግን ብረንስዊክ ለየመጫወቻ ቤቱ ይሠራው ከነበረው ተራ ዱላ እንጨት ተነሥቶ ነው። ማንም ሲያነሳ ሲጥለው ከነበረ ዱላ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትን ሥራ አወጣ። ከእንጨቱ ውስጥ ምን እንዳለ አይቷልና ነው። እኛ ያለን እንጨት አላነሰም፤ ያነሰን የሚያየው ሰው ነው።

አራተኛ ምክር ሰጪ እንዳለ አልዘነጋሁም። እሱ ደግሞ "በቃ፣ ምንም ሳታደርገው በመስታወት ሣጥን ከተህ ስቀለው" የሚለው ነው። ለብዙዎች የአክብሮት መጨረሻ ይመስላቸዋል። አልስማማም። ሳንቃው ተሰፍቶ የተጠገነው የብራና መጽሐፍ የተጠገነው ሊነበብ ነው። ዱላም የሚጠገነው ሊመታ ነው። ሟቹ መርከበኛ ዱላቸውን የወደዱት ግድግዳ ላይ ሲያዩት አይደለም። ልጁ ቆዳዋን አስለጥፎ፣ ክሩን አስጠምጥሞ፣ እንጨቱን ሳያስልጥ፣ ያችን ትንሽ ጥመት ሊቃና የሚችለውን ያህል አቃንቶ ይጫወትበት። በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን። እሱ ቀኝ ስለሆነ እጁ የሚያርፈው ከአባቱ እጅ ቦታ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ይሁን። አርባ ዓመት ቢቆይ የእሱም እጅ የራሱን ቦታ ያጠቁራል። የልጅ ልጁ ሁለቱንም ያገኛል። ውርስ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ በአንድ እንጨት ላይ የሁለት ሰው እጅ።

ስለዚህ የወረሳችሁትን ነገር ይዛችሁ ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ "እንደ አዲስ አድርግልኝ" አትበሉ። ይኼ ዓረፍተ ነገር ነው አባቶቻችንን እያስላጨብን ያለው። "የትኛውን ትቀይራለህ? የትኛውን አትነካም? የነካኸውን ደግሞ ወደፊት ሌላ ሰው ሊመልሰው ይችላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ጊዜ ስጡት፤ ለጊዜውም ሳትከራከሩ ክፈሉት። መልስ ከሌለው ዕቃችሁን ጠቅልላችሁ ውጡ፤ ያልተጠገነ ዱላ ሌላ ቀን ይጠገናል፣ የተላጠ ግን አይበቅልም። ከተማችሁን ሊያድስ የመጣ ባለሥልጣንም ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይገባውም፤ እነዚያኑ ሦስቱን ጠይቁት።

መታወቂያችሁን አድሱ። መንጃ ፈቃዳችሁንም አድሱ። የአባቶቻችሁን ነገር ግን ጠግኑ።